ሳሙና የማይደርስበት ሽታ

አርያም ከሰንጋ ተራ ካዛንቺስ ድረስ በእግሯ ነበር የምትመላለሰው። ታክሲ ላይ ስትወጣ ሰው መስኮት ይከፍታል። የሕንፃ ንድፍ ከምትሠራበት ቢሮ ቀድማ ገብታ ትታጠባለች፣ ልብስ ትቀይራለች፤ እኩለ ቀን ላይም ትደግመዋለች። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ሰውነቷ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እናቷ ወይዘሮ ዘውዲ ጸበል ወስደዋታል። ሐኪም ደግሞ «ንጽሕናሽን ጠብቂ» ብሎ ሸኝቷታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላት እጇን የያዘ ወንድ አልነበረም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ዝናቡ አላስኬድ አላትና ታክሲ ተሳፈረች። ፊት ለፊቷ ያለችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ግን ፊቱን አላዞረም። ሲወርዱም ጃንጥላውን ዘረጋላት። ሊካሳ ይባላል፤ ኮሌጅ ባዮኬሚስትሪ ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ፣ ምሳ ምን እንደበሉ ሳይቀር እያወሩ አብረው ይሄዱ ጀመር። እሱ ይቀርባል፣ እሷ አንድ እርምጃ ትርቃለች። እንዲህ እያሉ አራት ወር ሆናቸው።

የነቢያት ጾም ሲገባ የአርያም ምሳ ዓሣ ብቻ ሆነ። ሽታውም ባሰባት። በዚያው ሳምንት ሊካሳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አስቀምጧት፣

«ለገና እናቴ ጋ ልውሰድሽ» አላት። «ማለቴ... ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ስለ ሽታው ነው?»

በሕይወቷ ሙሉ ይህን ቃል ፊት ለፊት የነገራት ሰው አልነበረም።

«ይሸትሃል?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ዓሣ ስትበዪ ይብሳል፣ እንቁላል ስትበዪም። አርያም፣ ቆሻሻ አይደለም። ጉበታችን ውስጥ ፍላቪን ያለበት ኢንዛይም አለ፤ ፍላቪን ከቫይታሚን ቢ ሁለት የሚገኝ ነገር ነው። ከምግብ የሚመጣውን የሚሸት ነገር ኦክስጅን ጨምሮ ሽታ አልባ የሚያደርገው እሱ ነው። ያንቺ በደንብ የማይሠራ ይመስለኛል። ያኔ በላብም በትንፋሽም ይወጣል። ሳሙና እዚያ አይደርስም። በሽንት ምርመራ ይታወቃል።»

«አራት ወር ሙሉ እንደ ላቦራቶሪ አይጥ ስታጠናኝ ነበር?»

መልሱን ሳትሰማ ተነሥታ ሄደች። ስልኩንም አላነሣችለትም።

ግን የነገራት ነገር ሌሊቱን አላስተኛትም። በማግሥቱ ከእናቷ ጋር ሐኪም ቤት ሄደች። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱ የመጣው ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ፣ «ኢንዛይሙ ነው። ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አለቻት። ዓሣና እንቁላል እንድትተው፣ ሳሙናዋንም ቆዳ ላይ የወጣውን ሽታ በሚቀንስ፣ ትንሽ አሲድነት ባለው እንድትቀይር ነገረቻት።

ወይዘሮ ዘውዲ ኮሪደሩ ላይ አለቀሱ። «እኔ እኮ አጥቢው እያልኩ ስቆጣሽ ኖርኩ» አሉ። አርያም እናቷን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ልክ ነበርክ» አለችው።

«ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለ ሊካሳ። «ከነገርኩሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ሄጄም ነበር። በቃ፣ ተመልሻለሁ።»

ገና ዕለት የሊካሳ እናት ወይዘሮ የሻረግ ዶሮ ሠርተው ጠበቋት። ለእንግዳዋ ክብር ሁለት እንቁላል አንሥተው ሳህኗ ላይ ሊያኖሩ ሲሉ አርያም እጃቸውን ያዘች። ሊካሳ ሊናገርላት ሲል በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንቁላል አልበላም። ስበላ ሰውነቴ ይሸታል። ሕመም ነው፤ ይዤው የተወለድኩት ነው።»

ወይዘሮ የሻረግ አዩዋት። ከዚያ እንቁላሎቹን ወደ ልጃቸው ሳህን አዞሩ።

«እንግዲያ ከዶሮው ብልት ፈረሰኛውን ብዪልኝ» አሉና አጠገቧ ተጠግተው ተቀመጡ።