የሰይቼንቶዋ ጾም

ጤናዬ የመኪናቸውን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘችው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ እንደ ሬንጅ ጠቁራለች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት፤ የተቃጠለ ነገር ትሸታለች። ዘይቱም ከታችኛው ጭረት በታች ወርዷል።

ቀና ብላ በረንዳውን አየች። አባቷ አቶ ይገዙ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነገ ለመንገድ የሚያደርጉትን ጫማ በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጤናዬ! ዘይቱ እንዴት ነው?»

ዘንጉን ቶሎ ብላ ወደ ቦታው ከተተችው። «ደህና ነው አባባ።»

የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ደህና ካልሆነማ ምን ሊሆን! እኛ ጠበል ስንነከር እሷ እዚህ ጥላ ሥር ተኝታ ከርማ» አሉና ሳቁ።

እሷ የሚሏት ሰይቼንቶዋን ነው፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችውን፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነችውን ትንሿን ታክሲያቸውን። ከኮልፌ መርካቶ ስትመላለስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከሞተ ቆይቷል። የነዳጅ ማደያው ሰው «ጋሼ፣ ዘይት እኮ በየሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው» ሲላቸው አቶ ይገዙ «ቆጣሪው ሞቷል ወንድሜ፣ እኔ የምቆጥረው በጾም ነው» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ጾም ሲገባ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው አዲስ ይሞላሉ፤ ጾም ሲፈታም እንደገና። ሰፈሩ «የይገዙ መኪና ከኛ በላይ ጿሚ ናት» እያለ ይስቅባቸዋል። መኪናዋ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላቸው አታውቅም።

ዘንድሮም የነቢያት ጾም ሲገባ ቀይረዋል። የሚቀጥለው ለገና ነው። ይህ አቆጣጠር የሚሠራው ግን ሌላ ሰው መኪናዋን እስካልነዳት ድረስ ነው።

አባቷ ወገባቸውን ታመው፣ ከእናቷ ከወይዘሮ በላይነሽና ከትንሿ እህቷ ከእሙ ጋር ጠበል በሰነበቱበት ጊዜ ወንድሟ ዳኛቸው ሰይቼንቶዋ ውስጥ ሰው አጭቆ ቁልቢ ገብርኤል ደርሶ መጣ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ጤናዬን ጎረቤታቸው እትዬ ወለተጻድቅ ዘንድ አሳድሮ፣ ለእሳቸው «እኔ ጓደኛዬ ቤት አጠናለሁ፤ መኪናዋ ጋራዥ ገብታለች» አላቸው። ሲመለስ ለጤናዬ ትንሽ የእንጨት መስቀል አመጣላትና «ለማንም ላትናገሪ ገብርኤልን በይ» አላት። መስቀሉ አምሮባት «ገብርኤልን» አለች። ያን ጊዜ ቀላል ነበር።

ነገ ማለዳ ግን አባቷ፣ እናቷና እሙ ለእናቷ አጎት ተዝካር ደጀን ይሄዳሉ። ዓባይ በረሃን ቁልቁል ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ እንደገና ሽቅብ።

ዳኛቸውን ከማድ ቤቱ ጀርባ አገኘችው። መጽሐፍ ዘርግቷል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው።

«ጠቁሯል» አለችው።

«ቀስ በይ!»

«ሬንጅ ሆኗል ዳኙ። ደግሞ ጎድሏል።»

«ጨምሬበት ነበር እኮ። አሰበ ተፈሪ አቀበቱ ላይ ቀዩዋ የዘይት መብራት ስትበራብኝ አንድ ጣሳ ገዝቼ ጨመርኩ። ከዚያ ጠፋች።»

«መብራቷ በርታ ነበር?»

«ጠፋች አልኩሽ!»

«መጨመርና መቀየር አንድ ነው? አባባ ምንድን ነው የሚሉት? እጣቢ ላይ ንጹሕ ውሃ ብትደፋበት ያው እጣቢ ነው።»

«አንቺ ደግሞ መካኒክ ሆነሽ አረፍሽው!» ሊስቅ ሞከረ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«አሁን እንቀይረው። ቶሎ ብለን።»

«እሳቸው በረንዳ ላይ ተጎልተው? ከሥሯ ገብቼ ስተኛ ምን እያደረግኩ ነው ልበል፣ ጸሎት?»

«እንግዲያው ንገራቸው።»

ዳኛቸው መጽሐፉን ከደነው። «ቁልፏን ነክተህ ካገኘሁህ ከቤቴ ትወጣለህ ያሉትን ሰምተሻል። አባባ ተናግረው የሚተዉ ሰው አይደሉም። ማትሪክ ደርሶብኛል ጤንዬ፤ የት ልሂድ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ምለሻል። ገብርኤልን ብለሻል።»

«ብትነክስስ? እንደ ጋሽ ዱባለ...»

«አትነክስም አልኩ!»

ጋሽ ዱባለ የአባቷ ጓደኛ ናቸው። እሳቸውም ታክሲ ነበራቸው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከዳቸውና ሞተሩ ደርቆ ነከሰ፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። መኪናዋ ዞራ ወደ ገደሉ ስትንሸራተት አንድ ድንጋይ ነው ያተረፋቸው። ዛሬ የሚሄዱት በክራንች ነው። አባቷ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ጤናዬ ዓባይ በረሃን በልጅነቷ አይታዋለች። በመስኮቱ ቁልቁል ስትመለከት አሞሮቹ ከእሷ በታች ይበሩ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እትዬ ወለተጻድቅ ለመንገደኞቹ ቆሎ ይዘው መጡ። ገና ከበሩ ሳይገቡ «ይገዙ፣ መኪናህ ከጋራዥ ወጣች?» አሉ።

አባቷ ቀና አሉ። «የምን ጋራዥ?»

ጤናዬ የያዘችውን ባልዲ በሁለት እጇ አቀፈች። ዳኛቸው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከች አለ።

«ጎማ ነው አባባ! አንዱ ጎማ ተንፍሶ ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር ገፍተን ወስደን አስነፋነው።»

«ገፍታችሁ?»

«ቁልፏን እንዴት እነካለሁ?»

አቶ ይገዙ ልጃቸውን ትንሽ አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ተባረክ! ሰው ሆነሃል።»

ዳኛቸው አንገቱን ደፋ። እትዬ ወለተጻድቅ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ጤናዬን ሲያዩ ተዉት። ጤናዬ ባልዲውን ይዛ ሮጠች። ደረቷ ላይ ያለው የእንጨት መስቀል የከበዳት መሰላት። ለማን ትናገር? ብትናገር ወንድሟ ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ እሷም በመሐላዋ ትቀሰፋለች። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ገደሉና አሞሮቹ አሉ።

ማለዳ ግቢው በውርጭ ነጥቷል። እናቷ እሙን አቅፈው የኋላው ወንበር ላይ፣ ልክ ሞተሩ ፊት ተቀምጠዋል። እሙ መስኮቱን ታንኳኳለች።

«ጤኒ! ከደጀን ምን ላምጣልሽ?»

ጤናዬ እጇን መስታወቱ ላይ አኖረች።

አቶ ይገዙ ሞተሩን አስነሡ። ቀ ቀ ቀ ቀ አለ፤ በብረት ሳህን ላይ ጠጠር እንደሚንከባለል። ቀዩዋ መብራት በርታ ቆየች። ጤናዬ በመስኮቱ አጎንብሳ አየቻት፤ ቆይታ ቆይታ ጠፋች።

«ብርዱ ነው» አሉ አባቷ። ከዚያ ግንባራቸውን መታ አደረጉ። «ጧፉን! የተዝካሩን ጧፍ ረስቼ!» ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ጤናዬ እግሯ ወደ መኪናዋ ጀርባ ሲወስዳት ተሰማት። የሞተሩን ክዳን አነሣች።

«ጤንዬ» አለ ዳኛቸው ከአጠገቧ። «ገብርኤልን ብለሻል።»

የሦስቱ ልጆች ሥዕል ትዝ አላት፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው፣ እሳቱ መሐል የቆሙት፣ በላያቸው ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶ። ልጅ ሆና «ከእሳት ያወጣቸው እሱ ነው?» ብላ እናቷን ጠይቃ ነበር። እናቷ አሁን ከመስታወቱ ማዶ ለእሙ ነጠላ እያለበሱ ነው።

ዘንጉን መዘዘችው።

አባቷ ጧፉን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ፣ ጤናዬ ዘንጉን በራሷ ነጠላ ጫፍ ጠርጋው ነበር። ነጩ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር ወጥቷል።

«ምነው ልጄ! ነጠላሽን?»

«አባባ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ምን?»

«ቁልፉን ይስጡኝና ቁጭ ይበሉ። ትላንት ደህና ነው ያልኩዎት ውሸት ነው።» ዘንጉን ዘረጋችላቸው።

አቶ ይገዙ ነጠላውን አዩ። ዘንጉን ተቀብለው አሸተቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ቀስ ብለው በትከሻዋ ላይ አሻግረው ወደ ዳኛቸው ላኩ። ቁልፉን መዳፏ ላይ ሲያኖሩት እንደ በረዶ ቀዘቀዛት፤ ጣቶቿን አጥብቃ ጨበጠችበት።

ከኋላዋ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። የወንድሟ እግር ነው። ወደ በሩ ይሂድ ወደ እሷ ይምጣ አላወቀችም። ዞራም አላየች።

«አሁን እነግርዎታለሁ» አለች።