የተሰበረው የሞርሳ መንጋጋ

ባለሙያው ፉንዲ ብዋናዲ በገዛ ሞርሳው ተገደለ የሚለው ወሬ የላሙ ደሴትን ለማዳረስ አህያ አንዴ አናፍታ እስክትጨርስ እንኳ አልፈጀበትም። ብዋናዲ ማለት እኮ ከሞምባሳ እስከ ሙስካት እሱ ያልቀረጸው በር፣ በር ተብሎ የማይቆጠርለት አናጢ ነበር። አንድ የኦማን ሀብታም በሩን ካየ በኋላ ቤት መሥራቱን ትቶ በሩን ብቻ አሸዋ ላይ አቁሞ ይኖር ነበር ይባላል። እኔ አምናለሁ፤ በሩን አይቼዋለሁና።

ያ ሰው አሁን በሥራ ቤቱ ወለል ላይ፣ ፍቅፋቂው መሀል በጀርባው ተዘርግቷል። ግንባሩ ተሰንጥቋል። አጠገቡ፣ የሚሠራበትን እንጨት ጨብጦ እንዲይዝለት በእጁ የሠራው የአዲሱ ሞርሳ የፊት መንጋጋ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል።

ሳጅን ምዋናይዲ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ብዋናዲ ሞርሳውን ሲያጠብቅ መንጋጋው ተሰበረ፤ ስባሪው ተፈናጥሮ ግንባሩን መታው። ጥፋቱ የማን ነው? እንጨቱን የመረጠው ሰው። የመረጠው ደግሞ የልጁ ባል ላሊ ነው።

«ጀናዛውን እንዳትነካ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ ቢ ዙሌካ። «በማንጎ እንጨት ገደልክብኝ! ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ሲቀበር ከደጄ እንዳላይህ። ልጄንም አልተውልህም!»

ላሊ ግድግዳው ሥር ቆሞ እጆቹን ያያቸዋል፤ የእሱ ያልሆኑ ይመስል።

ሳጅን ምዋናይዲን ላሙ ውስጥ የማያውቃት ድመት እንኳ የለም። ውሸት ከባሕሩ ማዶ፣ ከማንዳ ደሴት ሲነሳ እሷ እዚህ ሆና ታስነጥሳለች። ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። በሞርሳው ረጅም የብረት ብሎን ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ በብሎኑ ጥርሶች መሀል ያለው ግራሶ ቀይ ሰጋቱራ ይዟል። የተሰበረውን መንጋጋ አነሳች፤ እንጨቱ ነጣ ያለ ነው። ስባሪውን በምላሷ ነካችው። ሰዉ ተያየ። ከዚያ ብሎኑ ከሚገባበት ቀዳዳ በጥፍሯ ቁራጭ ጥጥ ስባ አወጣች፣ አሸተተችው፣ በመሐረቧ ቋጠረችው።

«ላሊ፣ ና እስቲ። ምን እንጨት ነበር የሰጠኸው?»

«ምባምባኮፊ፣ ሳጅን። ቀዩን ጠንካራ እንጨት። ከማግባቴ በፊት ጀምሮ ጣራችን ሥር የደረቀ።»

«ለምን እሱን?»

«የሞርሳ መንጋጋ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይበቃም። ሲጨብጥ እንዳይሰነጠቅ የእንጨቱ ክር ቀጥ ያለ፣ የቅርንጫፍ ዓይን የሌለው፣ እርጥበቱ ጨርሶ የወጣ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ ዛሬ ያጠብቅልሃል፣ ነገ ተጣሞ ይስቅብሃል። ማንጎማ…» አንገቱን ነቀነቀ። «ይሄ ማንጎ ነው። እኔ ያመጣሁት አይደለም። ግን ማን ያምነኛል?»

«አማትህ የአንተን እንጨት ሲያይ ምን አለህ?»

«አንኳኳው፣ ጆሮውን ጣለበት። ከዚያ ‹አሁን ሰው ሆንክ› አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሠራበት።»

ሳጅኗ ወደ በሩ ዞረች። የብረታ ብረት ነጋዴው ሙባራክ ላቡን እየጠረገ ቆሟል።

«አንተስ? ይህን ሥራ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ስትመኘው ነበር አሉ።»

«ተመኘሁ! መመኘት ወንጀል ነው እንዴ? የብረት ሞርሳ ግዛ ብዬም ለምኜዋለሁ። ‹ብረት የበሮቼን ፊት ይነክሳል› ብሎ አባረረኝ። ሳጅን፣ እኔ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ።»

«በመጋዝ መሥራት ትችላለህ?»

«መጋዝ እሸጣለሁ» አለ ሙባራክ፣ ክብሩ እንደተነካ ሰው።

ቢ ዙሌካን ጓዳ አስገብታ ውሃ አጠጣቻት።

«ጠዋት ምን ሰማሽ፣ እናቴ?»

«መጋዝ ነዋ። በዚህ ቤት ሌላ ምን ይሰማል? ቀትር ሲቃረብ ቆመ። ምሳ ብዬ ላሊን ላክሁት፤ እሱ ነው እየጮኸ የመጣው።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አልነበረም?»

ሴትየዋ አሰበች። «ባሕር የተፋው እንጨት ይዞ መጥቶ ነበር። በጆንያ ጠቅልሎ ከባንኮው፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። ‹ዓርብ ከመስጊድ መልስ ለሽማግሌዎቹ አሳያቸዋለሁ› አለኝ። ፊቱ ጠቁሮ ስለነበር አልጠየቅሁትም።»

ሳጅኗ ከባንኮው ሥር ጆንያውን አገኘችው። አሸዋ እንጂ እንጨት የለበትም።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። የሟቹ ታላቅ ወንድም ፋማው ጀልባ ይሠራል፤ ጀልባ ስል እንደ ተራራ የቆመች ጀልባ ማለቴ ነው፣ ጥላዋ ሥር ሠርግ ይደገሳል። ፋማው ከሆዷ ሥር ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። በቀበቶው ላይ የጀልባ ስንጥቅ የሚወትፍበት የጥጥ ከረጢቱ እንደ ልማዱ ተንጠልጥሏል።

«አጎቴ ፋማው፣ አላህ ያጽናዎት። ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ጀልባ ሠሪ ወዴት ይሄዳል፣ ልጄ?»

«ባለፈው ማዕበል ሰዎች ይዛ የሰመጠችው ጀልባ የእርስዎ ሥራ ነበረች፣ አይደል?»

«ማዕበሉን እኔ አልሠራሁትም!» አለ።

ሳጅኗ ጀልባዋን ዞረቻት። ከሥሯ እንዳትወድቅ የሚደግፏት ጉማጆች ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻ በጭቃ ተለውሷል እንጂ ሌሎቹ በጨው የነጡ አሮጌዎች ናቸው። እሱ ጋ ስትደርስ የጫማዋን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ አለች። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም።

ሶላቱ ሲቃረብ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ሬሳው በጓዳ ታጥቦ በከፈን ተገንዟል። ቢ ዙሌካ ከላሊ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች። ፋማው በወንድሙ ባንኮ ላይ ተደግፏል።

«ይሄ መንጋጋ ብዋናዲን አልገደለም» አለች ሳጅኗ ስባሪውን እያሳየች። «ብሎኑን እዩት። ግራሶው ውስጥ ቀይ ሰጋቱራ አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀይ እንጨት ሲፋቅበት ሰንብቷል። ይህ ነጭ ነው። ቀዳዳው ውስጥ አንድ ጠብታ ግራሶ የለም። ስለዚህ ብሎኑ ላይ የዋለው ዛሬ ብቻ ነው።»

«እና የላሊ እንጨት የት ሄደ?» አለ ሙባራክ።

«ቆይ፣ ነጋዴ፣ አትቸኩል። ይህን ቀምሼው ነበር፤ ጨው ነው። የበር አናጢ ጨው የጠጣ እንጨት ወደ ብረት አያስጠጋም፣ ዝገት ነዋ! ታዲያ ባሕር የነከረው እንጨት እዚህ ምን ይሠራል? ቢ ዙሌካ፣ ባልሽ ከባሕር ያመጣው እንጨት ከጆንያው ጠፍቷል። የጠፋው ግን ሩቅ አይደለም፤ ይኸው በእጄ ነው። የሰመጠችው ጀልባ የጎን አጥንት ነው። በጠንካራ እንጨት መሠራት ሲገባው በማንጎ ተሠርቶ ነበር። ብዋናዲ ዓርብ ሊያሳይ የነበረው እሱን ነው።»

ቢ ዙሌካ ወደ ፋማው ቀና አለች።

«አንቺ ጠዋት የሰማሽው መጋዝ የባልሽ አልነበረም። እሱ ያኔ ሞቷል። ገዳዩ ማስረጃውን ቆርጦ መንጋጋ አደረገው፣ ገጠመው፣ ሰበረው። በአንድ መጋዝ ማስረጃውን አጠፋ፣ ጥፋቱንም ላሊ ላይ ጣለ።» መሐረቧን ፈታች። «ብልህ ነው። እጁ ግን አሳበቀበት። ቀዳዳው ሰፋ ሲልበት በዓሣ ዘይት የራሰ ጥጥ ወተፈበት። እስቲ ንገሩኝ፣ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ ሞርሳ የሚወተፈው በየት አገር ነው?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም የፋማውን ቀበቶ አየ።

«ላሊ፣ ከደጅ ያስቀመጥሁትን አምጣ።»

ላሊ ይዞት የገባው ጉማጅ በጭቃ ተለውሷል፤ ከጀልባዋ ሥር እንደ ድጋፍ ተሸጉጦ የተገኘ ነው። ጭቃውን በእጅጌው ጠረገው። ቀይ ነው። መሀሉ ላይ ዙሪያው በግራሶ የጠቆረ ቀዳዳ አለ። አንዱ ማዕዘን ላይ ሌላ ጥቁረት፣ የደረቀ ደም አለ፤ ላሊ ጣቱን ከዚያ አራቀ። ብሎኑ ላይ ከተተው፤ ያለ ድምፅ ሄዶ ቦታው ገባ።

ፋማው ባንኮው ላይ የተደገፈውን እጁን አነሳ።

«ለመንኩት» አለ። «ያኔ ጠንካራ እንጨት ጠፍቶ ነበር፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነው፣ ወንድሜ አይደለህም ወይ አልኩት። ‹የሰመጡትም ወንድም ነበራቸው› አለኝ። ግራሶ ሊቀባ መንጋጋውን ፈትቶ አስቀምጦት ነበር። እጄ ላይ መቼ እንደገባ…»

«ላሊስ?» አለች ቢ ዙሌካ። «ይህ ልጅ ምን አደረገህ?»

 የሳጅኗ ፖሊሶች ፋማውን ሲወስዱት ዞሮ ያየው ሰውን ሳይሆን የተወተፈውን ቀዳዳ ነበር።

የሶላቱ ጥሪ፣ አዛኑ ተሰማ። በልማድ ወደ መቃብሩ ወርዶ ሬሳውን የሚቀበለው ወንድም ነው። ለቀብሩ የመጡት ሽማግሌዎች ተያዩ። በመቃብሩ ውስጥ ከሬሳው በላይ የሚረበረቡት ሳንቃዎች በግድግዳው ተደግፈዋል፤ ጎረቤት በጥድፊያ ያዋጣቸው ናቸው፣ መልካሙም መናኛውም ተቀላቅሏል።

ቢ ዙሌካ ተነሳች። ላሊ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ወደ መቃብሩ የምትወርደው አንተ ነህ» አለችው። «ሳንቃዎቹንም… አንተ ምረጥለት።»

ላሊ ወደ ግድግዳው ሄደ። የመጀመሪያውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ፣ ጆሮውን ጣለበት፣ ወደ ጎን አደረገው። ሁለተኛውን አንኳኳ።