የአጥንቶቹ የክርስትና ስም

የአባቴን ቀኝ እግር ሳፋ ውስጥ አድርጌ በለብታ ውሃ እያሸሁ ነበር።

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... እጄ ውሃው ውስጥ ነበር።

አምና በሐምሌ፣ ጎረቤላ፣ ቤታችን ውስጥ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። በሩ ክፍት ነው። ከአሊዩ አምባ በኩል የወጣው ጉም ግቢውን ሞልቶ አጥሩን ውጦታል።

አባቴ አድማሱ ከአፋፉ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ፣ መራመድ አለመራመዱ በዚህ ሰሞን ይለያል ብሎናል። ውሃ እያሞቅኩ እንዳሸው ያዘዘኝም እሱ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ይዞ ቆመ። እኔ አለቀስኩ። እሱ ሳቀብኝ።

ያኔ ደብረ ብርሃን የጤና ተማሪ ነበርኩ። ክረምቱ ሲያልቅ ፈተና ስለነበረብኝ አጥንቶቹን በእሱ እግር ላይ ማጥናት ጀመርኩ።

“ፋላንክስ” አልኩ፣ አውራ ጣቱን ይዤ። በግሪክ የወታደር ሰልፍ ማለት እንደሆነ ነገርኩት።

“ግሪኮች የእኔን እግር የት ያውቁታል?” አለ።

“ይሄ የክርስትና ስሙ ነው አባዬ።”

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ወደ በሩ አየ።

“የክርስትና ስም በር ከፍተው አይጠሩትም፣ ንጋቷ” አለ ቀስ ብሎ።

አባዬ እንዲህ ነው። የራሱን የክርስትና ስም እኔ ልጁ እንኳ አላውቀውም። ስምን ያወቀ ባለቤቱን ያገኘዋል ይላል። የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሞታለች። የጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ እያለ ነው ያሳደገኝ።

የሽማግሌ ነገር ብዬ ቀጠልኩ።

“ታርሰስ” አልኩ። ተረከዙ አካባቢ ያሉት አጥንቶች ናቸው፤ ቃሉ ተጎንጉኖ የተሠራ ጠፍጣፋ ነገር ማለት ነው፣ እንደ ሰፌድ።

ከውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ... “ታርሰስ” አለ።

የእኔ ድምፅ ነው። የገደል ማሚቶ መሰለኝ።

“አባዬ፣ እስቲ ጣቶችህን አንቀሳቅስ።”

“እያንቀሳቀስኩ ነው” አለ።

ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

ሁለታችንም ውሃውን አየን። ረግቷል።

“ኮክሲክስ” አለ ጉሙ።

ያንን ቃል እኔ ገና አልተናገርኩም።

የአከርካሪ የታችኛው ጫፍ ነው። ግሪኮች የወፍ መንቁር መስሏቸው በወፍ ስም የጠሩት አጥንት። አባቴ ከነወንበሩ ወደ ጎን ዘመመ። ዘልዬ አቀፍኩት።

“በሩን...” አለ።

በሩ አጠገባችን ነበር። ግን ከለቀቅኩት ይወድቃል። እግሬን ዘረጋሁ... አልደረሰም።

“አትላስ።”

የአንገት የመጀመሪያው አጥንት። ሰማይን በትከሻው በተሸከመው ግዙፍ ስም የተጠራ። የአባቴ ጭንቅላት ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከበደኝ።

ጥሪው ወደ አፉ እየተጠጋ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ... አጥንቼዋለሁና። ምላስን የሚይዘው፣ ከሌላ አጥንት ጋር የማይነካካው፣ ጉሮሮ ውስጥ ብቻውን ያለው።

ጆሮዎቹን በደረቴና በመዳፌ ደፈንኩ። ምን ላድርግ?

“ሃዮይድ” አለ ድምፄ ከውጭ፣ በዝግታ።

አባቴ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ይተነፍሳል። ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው።

ከዚያ ጉሙ ሌላ ስም ጠራ። የአጥንት ስም አይደለም። የሰው ስም ነው... ሰምቼው የማላውቀው የክርስትና ስም። በእኔ ድምፅ።

የአባቴ ዓይኖች ፈጠጡ።

“አትመልስ” አልኩት በሹክሹክታ። “አባዬ፣ እኔ አይደለሁም።”

ከንፈሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

“አቤት” አለ አባቴ።

ድምፁ የመጣው ከውጭ ነው።

ቀጥሎ እርጥብ ሣር ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የአባቴ አረማመድ። አያነክስም። ቁልቁል ወረደ... ራቀ... ጠፋ።

አባቴ እቅፌ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆመም። አልተናገረም። ሐኪሞቹ የየራሳቸውን ነገር አሉ፤ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ትምህርቱን ትቼ እሱን አስታምማለሁ።

ጠዋት ጠዋት እግሩን አጥበዋለሁ።

አሁን በጋ ነው። ግቢው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አባዬ ከአልጋው አልወረደም።

ዛሬ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ውስጥ እግሩ እንደ ሁልጊዜው ነበር... እርጥብ ጭቃ፣ በጣቶቹ መሃል ሣር።

አጠብኩት። አንድ በአንድ ጣቶቹን አደረቅኩ። ቃል አልተነፈስኩም።

ውሃውን ደፋሁና ሳፋውን ግድግዳው ሥር ገልብጬ አስቀመጥኩት።