ድሮኑ ያላየው ቤት

ይሄ በእውነት የሆነ ነው። ያላመነ ሰው ፍኖተ ሰላም ይሂድና በቡሬ መውጫ በኩል ይጠይቅ። መንገዱ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ጨለማ እንዳትጠብቁ። ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች...

ወይኒቱ የከተማ ፕላን ባለሙያ ናት። ወሬ አትወድም፤ እልኸኛ ግን ናት።

አለቃዋ ገደፋው በሳተላይት ምስል ላይ አዲስ መንገድ አሰመረ። መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ምስሉ ላይ ባዶ ሜዳ ነው።

ወይኒቱ ግን እዚያ የአሮጊቷን የእትዬ አደይን ቤት ታውቀዋለች። ቦታው ባዶ ነው ከተባለ ቤቱ ይፈርሳል፤ ምትክም አይሰጣቸውም።

"ምስሉ አሮጌ ቢሆን ነው" አለች። ቦታው በድሮን ይነሳ ተባለ።

በማግስቱ ስትደርስ ድሮኑ ከሩቅ ይጮሃል፤ አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

"እትዬ፣ ቤትዎ ከላይ ሲታይ የለም።"

"ከላይ የሚያየኝ እግዜር ነው። ያ ጥንዚዛ ምን አውቆ! አንቺስ ታይኛለሽ?"

"እንዴታ!"

"እንግዲያ እጄን ያዥ።"

ያዘች። እጃቸው ይሞቃል።

ድሮኑ እያጉረመረመ በላያቸው አለፈ።

ቢሮ ተመልሳ ከገደፋው ጋር ምስሉን ከፈቱት...

ሜዳ።

ሜዳው ላይ ወይኒቱ ብቻዋን ቆማለች። እጇን ዘርግታ... አየር ጨብጣለች።

"ማንን ነው የያዝሽው?" ገደፋው አንሾካሾከ።

"እትዬ አደይን።"

"ማንም የለም።"

"መሬቱን እይ..."

መሬቱ ላይ የቤት ጥላ አለ። ቤቱ የለም።

ከወይኒቱ ጥላ አጠገብ ደግሞ ሌላ ጥላ አለ። ጎበጥ ያለ... እጇን የያዘ።

ገደፋው ጥላውን አየ። ቢሆንም የሚፈረመውን ወረቀት ሳብ አደረገ።

"ከነገሩ ጦም እደሩ ነው፣ ወይኒቱ። ሰው የለበትም ብለን እንፈርም።"

"አልፈርምም!"

"ወይኒቱ..."

"ደጃፋቸው ላይ ቆሜ፣ እጃቸውን ይዤ! ምስሉ ቢክድ እኔ አልክድም!"

ቀይ እስክሪብቶ አንስታ ቤቱን በገዛ እጇ ፕላኑ ላይ ሣለችው። መስመሩን አቋርጣ፣ ደምቆ እስኪታይ ደጋግማ።

ገደፋው ግን ፈረመ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች!... ሰው የለም?"

እትዬ አደይ ናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቆመዋል።

"አለን... ይግቡ" አለ ገደፋው።

የአሮጊቷ ዓይን እሱ የተቀመጠበትን አልፎ ግድግዳው ላይ ዋለለ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ! አለሁ እኮ!"

አልሰሙም። ወይኒቱን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘረጉላት።

"ብቻሽን ነሽ እንዴ፣ ልጄ?"

ወይኒቱ ዞር አለች።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ግድግዳው ላይ ግን የገደፋው ጥላ ተቀምጧል... እስክሪብቶውን እንደያዘ።