ያሰረው እጅ

ሬሳው ደረጃው ሥር ነበር፤ ሽታው ግን የሚመጣው ከፎቅ ነው። መርማሪው መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ። ባልደረቦቹ «አፍንጫ» ይሉታል፤ የሰው ላብ፣ ያደረ ምግብና ውሸት እኩል ያቅለሸልሹታል።

ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮዋን ታማ ሆስፒታል ስትከርም ድምፅዋን አጥታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የምትናገረው ደብተር ላይ እየጻፈች ነው። አሁን አንገቷ ተሰብሯል። የወንድሟ ልጅ፣ ምድር ቤት ባለው ክፍል የሚኖረው፣ አጠገቧ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«ማታ ሌላ ቦታ ነበር ያደርኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት» አለ። «ውሻው ነው አክስቴን የጨረሳት። እግሯ ሥር እየገባ ስንቴ ሊጥላት ነበር መሰለህ። የእንስሳት ሐኪም ጠርቻለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ በመርፌ ይገላግለናል።»

«ውሻው ያውቅሃል?»

«እኔን? ውሻ ያስጠላኛል። በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

መርማሪው ወደ ላይ ወጣ። ደረጃው አናት ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ እላዩ ላይ ከድመት ብዙም የማይበልጥ፣ ጸጉሩ እንደ ሽቦ የሻከረ ቴሪየር ውሻ ተቀምጧል። ምንጣፉ በሽንትና በዓይነ ምድር ተጨማልቋል፤ የውሻው ሆድና የኋላ እግሮችም እንደዚያው። ይንቀጠቀጣል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ሳህን ሙሉ ውሃ አለ፤ አልተነካም። መርማሪው መሐረቡን አጥብቆ ያዘ፤ ዓይኑ ግን ከሳህኑ ላይ አልተነሳም።

የውሻውን አሰልጣኝ አስጠራ። ሽበታም ሰውዬ ነው፤ ኪሱ የደረቀ ጉበት ይሸታል።

«ስሙ ጉንዳን ነው» አለ አሰልጣኙ። «ቴሪየር አይጥ ለማሳደድ የወጣ ዘር ነው፤ እልኸኛ ነው። ዱላ አይገባውም፤ ጉበት ይገባዋል። እሷ ድምፅ ስለሌላት በእጅ ምልክት አስተማርነው። መዳፍ ወደ ታች ሲወርድ ዝም ብሎ ሄዶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም እጅ ሲዘረጋ ተፈቷል ማለት ነው።»

«በል ፍታው።»

አሰልጣኙ እጆቹን ዘረጋ። ጉንዳን አየው፤ አልተነሳም። የሰውዬው ፊት ተለወጠ።

«ያሰረው እጅ ብቻ ነው የሚፈታው» አለ ቀስ ብሎ። «መንገደኛ ሁሉ እንዳያስነሳው ብዬ ነው እንዲያ ያስለመድኩት።»

«የማንን እጅ ይታዘዛል?»

«ለሳምንታት በእጁ ያበላውን ሰው።»

«እሷ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ማን አበላው?»

«የወንድሟ ልጅ፣ ‹ያበላው ጎረቤቱ ነው› ሲል ሰምቻለሁ።»

አሰልጣኙ «ከምንጣፉ በጉልበት ካነሱት ትእዛዙ ያበቃል» ብሎ ጉንዳንን ታቅፎ ወስዶ አጠበው፤ ምንጣፉንም ፈትጎ እርጥቡን ከስፌት መኪናው አጠገብ አነጠፈው።

ጎረቤትየው በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጡረተኛ ፋርማሲስት ናቸው። የውሻውን ጩኸት በሰዓትና በደቂቃ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው፤ ሊከሱ።

«ትናንት ማታ» ብለው አነበቡ፤ «አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ መጮህ ጀመረ። ከአርባ አምስት፣ ደረጃው ላይ ዱብ አለ። ጩኸቱ ባሰበት። ከአርባ ሰባት፣ ቀጥ አለ። እስከ ጠዋት ዝም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

«ዱብታውን ሰምተው አልወጡም?»

«ውሻው የወደቀ መስሎኝ ነዋ። በእሱ ጩኸት ሌላ ድምፅ መች ይሰማል?»

«እሷ በታመመች ጊዜ እርስዎ ነዎት ያበሉት ይባላል።»

«እኔ? እኔ ባበላው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ታገኘው ነበር?»

መርማሪው ከሰውዬው ቤት ሲወጣ እጁን ታጠበ።

ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሦስቱንም ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። አሰልጣኙን «እጅህን ከኪስህ እንዳታወጣ» አለው። ጉንዳን ታጥቦ፣ ውሃውን ጠጥቶ የሟቿን ነጠላ ጫማ ያሸታል።

«ውሻው ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ከምንጣፉ አልወረደም» አለ መርማሪው። «ተጠምቶ ውሃ አልጠጣም፤ እላዩ ላይ ተጸዳዳ። እንዲቀመጥ ታዞ ነበር። ማን አዘዘው? በደብተሩ መሠረት ዝም ያለው ዱብታው ከተሰማ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። አንገቷ የተሰበረ ሴት መዳፏን አታወርድም። ስለዚህ ስትወድቅ ሌላ ሰው ነበር፤ ውሻውም የሚያውቀው እጅ ነው። የአሰልጣኙ እጅ ዛሬ ሊፈታው አልቻለም፤ ያሰረው እሱ አይደለም ማለት ነው። ፋርማሲስቱ ደግሞ ውሻውን ዝም ማሰኘት ቢችሉ ኖሮ ሁለት ዓመት ደብተር አይሞሉም ነበር።»

«ቀረሁ እኔ?» ብሎ የወንድሟ ልጅ ሳቀ። «ነክቼው እንኳ እንደማላውቅ ነገርኩህ። ማታ እዚህ አልነበርኩም፤ ጓደኞቼን—»

የበሩ ደወል ጮኸ። ሐኪሙ ነው፤ መርፌውን ይዞ በሰዓቱ መጥቷል። ጉንዳን ከጫማው ላይ ዘሎ ተነሳና ቤቱን በጩኸት አናወጠው።

«ጓደኞቼን ጠይቅ፣ አብረን—» ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ውሻውም ባሰበት። ሰውዬው ፊቱን አጨማደደ፤ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ መዳፉን ወደ ታች አወረደ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጉንዳን ወደ እርጥቡ ምንጣፍ ሄዶ ተቀመጠና ዓይኑን የወንድሟ ልጅ ላይ ተከለ። ሰውዬው የገዛ እጁን ሰረቅ አድርጎ አየው።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው» አለ መርማሪው። «ያበላኸውም አንተ፣ ያሰርከውም አንተ። በመርፌ የሚሞተው ግን እሱ።»

«በዚህ ሳምንት ቤቴን ልቀቅልኝ ብላ ጻፈች» አለ የወንድሟ ልጅ። «ብጮህባት ብጮህባት ያችኑ ወረቀት ነው የምታሳየኝ። ገፋኋት።»

«ለምን ሳትፈታው ሄድክ?» አለ አሰልጣኙ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ።

«ረሳሁት።»

መርማሪው ካቴናውን አውጥቶ እንደገና መለሰው። «መጀመሪያ ፍታው።»

ሰውዬው ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። ጉንዳን ጭራውን እየቆላ እየሮጠ መጣ፤ ሴትዮዋን የገፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ላሰ፤ ጉበት ፈለገባቸው።

«አፍንጫ» ከጠዋት ጀምሮ ሲታገለው የዋለው ማቅለሽለሽ አሁን አሸነፈው። በር ላይ የቆመውን ሐኪም ገፍቶ ወጣና ደጅ ላይ አስታወከ።