ሁለቴ ብልጭ ያለው መብራት

ሩበን ካንጋስ የሞተው ማክሰኞ ከቀትር በፊት ነው፤ ከተማው ግን እስከ ረቡዕ ጠዋት ለምን እንደሞተ ወስኖ ጨርሶ ነበር። የብረት ማዕድኑ ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤት የዋለ ሰው፣ በየካቲት ብርድ የጋራዡን በር ዘግቶ፣ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ፣ አጠገቡ ተጋድሞ ተገኘ። ጭሱ ገደለው። ራሱን አጥፍቷል ተባለ፤ ሌላ ምን ይጠየቃል? የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንኳ ድንችና ሥጋ የተጋገረበትን ትሪ በረንዳ ላይ እያስቀመጡ ቶሎ ይመለሱ ነበር። ሌላ ዓይነት ሞት ቢሆን ገብተው ይቀመጡ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለመርማሪ ቬርና ኪንግበርድ ስልክ ተደወለላት። የደወለችው የሟቹ ልጅ ሳና ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

«አባቴ በእኔ ምክንያት ከሞተ ንገሪኝ» አለች። «ካልሆነም ንገሪኝ። እንዲሁ አትተዪኝ።»

ነገሩ ይህ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ አባቷ ጋራዡ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሞተር ሳይክሉን በጥብጣብ መብራት ያስጌጥ ነበር፤ በየጎኑ እየለጠፈ፣ ሽቦውን በፕላስቲክ እያሰረ። «የገና ዛፍ አስመሰልከው» አለችው። «ዘንድሮ ከኋላህ አልቀመጥም፤ ሰው ያየኛል።» እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ አላየችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮም እህል በወጉ አልቀመሰችም።

ቬርና በፖሊስ ጣቢያው የምትታወቀው በአንድ አመል ነው፤ መመሪያ ወረቀት ታነባለች። አዲስ የማተሚያ ማሽን የመጣ ዕለት ባልደረቦቿ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ ሲነካኩ እሷ ወረቀቱን ይዛ ጥግ ተቀምጣ ነበር። እስከ ዛሬ ይስቁባታል፤ ማሽኑ ሲቆም ግን የሚጠሩት እሷን ነው።

ጋራዡ ከቤቱ ተነጥሎ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የቆመ ነው። በስተግራ የሩበን ሚስት የሎሪ አሮጌ መኪና አለ። በስተቀኝ ሞተር ሳይክሉ፤ መቀመጫው ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በባዶው ቦታ፣ ባትሪው ላይ፣ አንድ የሥራ ጓንት ተጥሏል። ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ትንሽ የቆርቆሮ ሳህን ነበሩ። ሳህኑ ውስጥ አንድ ብሎንና ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች ተቀምጠዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ማዕድን ውስጥ መሥራት የሩበንን ጆሮ ወስዶበታል፤ ሲሠራ አውልቋቸው ጸጥታውን ይወድ ነበር።

ሬሳውን ያገኘው ታላቅ ወንድሙ ዴል ነው፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው።

«ስትገባ ምን ሰማህ?» አለችው ቬርና።

«ሞተር ሳይክሉ ይንዶቀዶቃል።»

«ምን አደረግህ?»

«በቁልፉ አጠፋሁት። በሩን ከፈትኩ። ጎተትኩት።» ወደ በሩ ዞሮ «ቬርና፣ አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ ተይው። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው» አለ።

የጠየቀችው ስለ ወንድሙ ነው፤ የመለሰላት ስለ እናቱ ነው። ቬርና ይህን ሳትጽፍ ያዘችው። የመብራቱ ካርቶን ውስጥ የነበረውን መመሪያ አወጣች፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ዘጠኙንም ተራ ቁጥር አነበበች። ከዚያ ዴል በበሩ በረዶውን ሲያይ ጓንቱን በሁለት ጣት አነሣች፤ ከሥሩ ያለውን አይታ መልሳ አስቀመጠችው።

ሎሪ ብዙ አልተናገረችም። ማክሰኞ መንገዱ በረዶ ስለነበር የሥራ ባልደረባዋ በመኪናው ወስዷታል፤ የእሷ መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው የዋለችው። የተለየ ነገር አይታ እንደሆነ ስትጠየቅ ከንፈሯን ነክሳ አሰበች።

«የመኪናዬ ሪሞት» አለች። በዚያ አገር በክረምት መኪና ሁሉ ከቤት ሆኖ በሪሞት ይነሣል፤ ሰው የሚወጣው ከሞቀ በኋላ ነው። «ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው የምጥለው። ሐሙስ ስፈልገው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። በዚህ ቤት ዕቃ የሚሰቅል ሰው ዴል ብቻ ነው።»

የሩበን እናት ወይዘሮ አይሊ ካንጋስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዐይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሰው ፊት አይለዩም፤ ደማቅ ቀለም ብቻ ይታያቸዋል። ሄል የገባበትን ዳቦ በእጃቸው ዳስሰው ቆረሱና ለቬርና ሰጧት።

«መብራቱን የሚያስገባው ለእኔ ነው» አሉ። «ባለፈው በጋ ሩበን በሞተር ሳይክሉ ያለፈ መስሎኝ እንደ ድሮዬ ከበረንዳ አውለበለብኩ። የቆሻሻ መኪና ነበር። ለካ ወሩን ሙሉ ለቆሻሻ መኪና ሳውለበልብ ነው የከረምኩት፤ ሹፌሩም እጁን ያነሣልኝ ነበር አሉ። ሩበን ይህን ሲሰማ ‹እማ፣ አረንጓዴ አደርገዋለሁ፣ ከሩቅ ትለዪኛለሽ› አለኝ።»

«ማክሰኞስ አዩት እንዴ?»

«አየሁ እንጂ። ‹ማብሪያው ሳህኑ ውስጥ አለልሽ፤ በሩን ስከፍት ሁለቴ ተጫኚ› ብሎኝ ወጣ። እኔ ምን ትዕግሥት አለኝ? ሳይከፍት ተጫንኩ። በጋራዡ መስኮት ሁለቴ ብልጭ አለና በርቶ ቆየ። ቢጫ ነበር። ቀለም እየሞከረ መሰለኝ። ቆይቶ ሲጠፋ ደግሞ ተጫንኩ።» ፈገግ አሉ። «አረንጓዴው ሳይመጣ ቀረ።»

ቬርና ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እጇን ወደ ጎድጓዳው ሳህን ሰዳ የመብራቱን ትንሽ ሪሞት አነሣች፣ አገላብጣ አየችው፣ አስቀመጠችው።

በዚያው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቬርና አሮጊቷ ባይኖሩ መርጣ ነበር። ዴልም «እማ፣ ሄደሽ ጋደም በይ» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«የደከመው ዐይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ። «ተናገሪ፣ ልጄ።»

ቬርና መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ተራ ቁጥር አንድ፤ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፍቱ። ሩበን ፈትቷል። ብሎኑ ጋራዡ ውስጥ ባለው የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ነው፤ የሽቦውን ጫፍ ብረት እንዳይነካ ጓንት ጣት ውስጥ ከትቶታል። ሽቦው የተፈታ ሞተር ሳይክል አይነሣም። ስለዚህ ዴል ሞተር ሳይክሉን አላጠፋም፤ የሚያጠፋው ነገር አልነበረም።»

ዴል የአንገቱን ቁልፍ ፈታ።

«ተራ ቁጥር አራት፤ ማጣበቂያው በብርድ አይዝም፣ ቦታው ይሙቅ። በሩን የዘጋው ለዚህ ነው። ጭስ ግን ነበረ፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሌላ ሞተር ደግሞ የሎሪ መኪና ብቻ ነው። መኪናዋ ከኋላው ስትነሣ መስሚያዎቹን አውልቋል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወለል ላይ ተጋድሟል። አልሰማም።»

«ማን አስነሣት?» አለች ሎሪ።

ቬርና ወደ አሮጊቷ አየች፤ ወንበሯን ስባ ቀረበቻቸው።

«የመብራቱ ሪሞት ባትሪ ጋ፣ ዕቃው አዲስ ሲሆን ኃይል እንዳያልፍ የሚገባው ስስ ፕላስቲክ እስካሁን አልወጣም። ሩበን ረስቶታል። ይህ ሪሞት አንድ ጊዜም አልሠራም፤ ጥብጣቡም ማክሰኞ ኃይል አልነበረውም። ወይዘሮ ካንጋስ፣ ቢጫ ሆኖ ሁለቴ ብልጭ ያለው የመኪናዋ መብራት ነው። ሁለቱ ሪሞቶች በአንድ ሳህን ነበሩ፤ በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ናቸው።»

«የመኪናዋን ሪሞት እናቴ እጅ ውስጥ አገኘሁት» አለ ዴል። «መኪናዋን አጥፍቼ፣ ወንድሜን በረዶ ላይ አስተኝቼ ወደ ቤት ስሮጥ፣ እዚህ ተቀምጣ ‹ልጄ፣ አረንጓዴው አልመጣም› አለችኝ። ምን ልበላት? ተቀብዬ ሰቀልኩት።»

«ሐሳብህ ገብቶኛል» አለች ቬርና። «ከእናትህ ያነሣኸው ግን እዚህች ልጅ ላይ ወደቀ። የሰጠኸውን ቃል አስተካክለህ ትፈርማለህ። እኔ የምጽፈው ድንገተኛ አደጋ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ አይሊ አላለቀሱም። መዳፋቸውን ገልብጠው ለማየት የሚሞክሩ ይመስል ብዙ ቆዩ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ እየዳሰሱ ሄደው የሳናን እጅ አገኙ።

«አባትሽ ጥሎሽ አልሄደም» አሉ። «ይኼ የእኔ ነው። እኔ ብይዘው ለስንት ዓመት ነው? ዴል፣ እሷን ስልሳ ዓመት ልታስይዛት ነበር?»

ሳና በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አያቷ እጇን አልለቀቁም።

በኋላ ሳና ተነሥታ ጃኬቷን ለበሰች። «የሞተር ሳይክሉ መብራት ምን ያህል ቀርቶታል?» አለች።

ቬርና ወረቀቱን አየች። «ማጣበቂያው ሃያ አራት ሰዓት ይቆይ ይላል፤ ስድስት ቀን ቆይቷል። የቀረው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ነው። ሽቦውን መልሶ ማሰር።»

ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው የጋራዡን በር እስከ ጥግ መክፈት ነው። ከዚያ ጓንቱን አነሣች፤ በአባቷ መፍቻ ብሎኑን አጠበቀች። ወጥ ቤት ውስጥ ሎሪ ስሱን ፕላስቲክ ስባ አወጣችና ሪሞቱን በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። አውራ ጣታቸው ከላዩ ላይ ቀረ፤ አልተጫነም።

«እማ፣ እኔ ልጫንልሽ» አለ ዴል።

«ተው» አሉ። «ያዘዘው እኔን ነው።»

ሁለቴ ተጫኑ።

በረዶው እስከ መንገዱ ድረስ አረንጓዴ ሆነ። ሳና ከሞተር ሳይክሉ አጠገብ ቆማ እጇን አውለበለበች። ወይዘሮ አይሊም እጃቸውን አነሡ፤ እንደ ድሯቸው፣ ከትከሻቸው በላይ፣ ቀስ አድርገው።

«አየሁህ» አሉ።