ከእናቴ አንድ ሰዓት ቀድማ

የሕግ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስቀድሜ የምነግራቸው ነገር፣ ምስክር ያየውን እንጂ የገመተውን መናገር እንደሌለበት ነው።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው። አልጨመርኩም። አልቀነስኩምም።

ቀኑ ያለፈው ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር... በደሴቱ ሰዓት።

በምንኖርበት በማልዲቭስ ዋና ከተማ፣ በማሌ ሰዓት ግን ገና ዘጠኝ ነበር።

ይህን ልዩነት ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

አባቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዙለይኻ እንቅልፍ የላትም። ሐኪሟ «አየር ትቀይር» ስላለ፣ በአንድ የመዝናኛ ደሴት ለሦስት ቀን ቪላ ያዝኩላት። በሥራ ብዛት የነፈግኳትን ጊዜ በሦስት ቀን ልክሳት ነበር ሐሳቤ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀልባው አደረሰን። እንግዳ ተቀባይዋ ሊዩሻ የኮኮናት ውሃ አቀረበችልን።

«ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ፊት አድርጉት» አለች በፈገግታ። «እኛ ማሌን በአንድ ሰዓት እንቀድማለን። እንግዶቻችን ፀሐይዋን ረዘም አድርገው እንዲያጣጥሟት ነው።»

የተለመደ ነገር ነው። ስልኬን አስተካከልኩ።

እናቴ ግን ግራ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። እጇ ላይ የአባቴ ሰዓት አለ። ጀልባ ነጂ ሳለ የማይለየው፣ በየጠዋቱ የሚሞላ፣ ለእሷ አንጓ የሚሰፋ ሰዓት።

«ፀሐይዋን ጠይቃችኋታል?» አለች።

«ማንን፣ እማማ?»

«ፀሐይዋን! ሰዓት ስትጨምሩባት እሺ ብላለች?»

ሊዩሻ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«እማዬ፣ ምግብ ያመልጥሻል።»

«ያምልጠኛ! የአባትሽን ሰዓት ማንም አይነካውም። አንቺም ጭምር።»

እንግዲህ በአንድ ቪላ ውስጥ በሁለት ሰዓት መኖር ጀመርን።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ አብረን በሦስት ሰዓት ልንበላ ተስማማን። እኔ ቀደም ብዬ ዳርቻው ላይ ልራመድ ወጣሁ። ጥቂት ዘግይቼ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ምግብ አዳራሹ ገባሁ።

አስተናጋጁ ሾሄል የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ ተቀበለኝ። የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

«ማዳም፣ ተቀደሙ! እናትዎ በልተው ሄዱ።»

«እናቴ?»

«አዎ። ልክ በሦስት ሰዓት ነው የመጡት። አንድ ቃል አልተናገሩም። በልተው ተነሡ።»

ጠረጴዛው ገና አልተነሣም ነበር። በኮኮናት የታሸ ቱና፣ የተቆረሰ ቂጣ... ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ የተጨመቀ ሎሚ። ልጣጩ ወደ ውጭ ተገልብጦ እንደ ትንሽ ጽዋ ተቀምጧል።

ሎሚ ጨምቃ እንደዚያ የምትገለብጥ ሴት ከእናቴ በቀር አላውቅም።

ተናደድኩ። ሳትጠብቀኝ በላች ብዬ ነው የተናደድኩት። በእንጨቱ ድልድይ እየተቻኮልኩ ወደ ቪላው ተመለስኩ።

እናቴ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ቁርኣን ትቀራለች።

«ምነው ተጣደፍሽ?» አለችና ሰዓቷን አየች። «ሦስት ለመሆን ግማሽ ሰዓት አለው እኮ።»

«አልበላሽም?»

«በሕልሜ ካልሆነ።»

አራት ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእሷ ሦስት ሰዓት፣ አብረን ገባን። እናቴ ሳታመነታ ያንኑ ወንበር ሳበች። ያንኑ ምግብ አነሣች። ሎሚውን ጨመቀች፤ ገለበጠች፤ ከሳህኑ ጠርዝ አስቀመጠችው።

ሾሄል አጎንብሶ በጆሮዬ፣ «የደሴቱ አየር የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ማዳም» አለኝ። «እማማ ሁለተኛ ዙር ጀመሩ!»

ሻሽ ያደረገች ሴት ሁሉ አንድ ትመስላቸዋለች ማለት ነው ብዬ ለሊዩሻ አቤቱታ አቀረብኩ። በጥሞና አዳመጠችኝ።

«በጣም ይቅርታ። አስተያየትዎን መዝግበነዋል።»

ቪላው ስደርስ አንድ ሳህን የተቆራረጠ ፍራፍሬ ጠበቀኝ።

የዚያኑ ዕለት ለስምንት ሰዓት የራስ ማሳጅ ይዤላት ነበር። እሷ በራሷ ሰዓት ልትሄድ ወሰነች። በረንዳው ላይ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እግሮቿን ዘርግታ ባሕሩን ታያለች። ነጠላ ጫማዋን አድርጋለች። የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በሰማያዊ ክር ሰፍታዋለች።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሊዩሻ ነበረች።

«እማማ ማሳጅ ክፍሉ ረስተውት ነው» ብላ አንድ ነገር ዘረጋችልኝ።

የግራ ነጠላ ጫማ።

እርጥብ ነው። አሸዋ ይዟል። ማሰሪያው በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።

ቀስ ብዬ ወደ በረንዳው ዞርኩ...

እናቴ እግሮቿን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። ሁለቱም ጫማዎች እግሯ ላይ ናቸው።

«ማን ነው?» አለች ሳትዞር።

«ማንም አይደለም።»

ጫማውን ከጀርባዬ ደበቅኩት። ለምን እንደደበቅኩት አሁንም አላውቅም። በሩን ገርበብ አድርጌ ለሊዩሻ አንሾካሾኩላት።

«እናቴ ከዚህ አልተነሣችም።»

«ምናልባት ሳያዩ ወጥተው...»

«ከጎኔ ነበረች እያልኩሽ ነው!»

«በጣም ይቅርታ» አለች ሊዩሻ። ፈገግታዋ አልተነቃነቀም።

እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለማሳጁ ወጣች። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ተመለሰች፤ ግራ እግሯ ባዶ ነው።

«አንዱ ጫማዬ ጠፋብኝ» አለች። «ከማሳጁ ክፍል ደጃፍ አውልቄው ነበር፤ ማዕበሉ ወስዶት ይሆናል። አንቺ ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ጫማውን አወጣሁላት። አደረገችው። ልኳ ነበር።

ያን ቀን ሁለተኛው የፍራፍሬ ሳህን መጣ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልመለስ።

የመመለሻ ጀልባችን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ በእናቴ ሰዓት አሥር ተኩል። ሻንጣ እያዘጋጀሁ ሳለ እናቴ ከአልጋዋ ጋደም ብላ፣ «ጀልባው ሳይመጣ፣ ልክ በአሥር ሰዓት፣ ከአሸዋው ጫፍ እግሬን አርሼ እመለሳለሁ» አለችኝ። «አንድም ቀን ባሕር ሳልነካ ዕረፍት ነበርኩ ልበል?»

እሺ አልኳት። ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም።

በረንዳው ላይ የተሰጣውን ፎጣ ላነሣ ወጣሁ። ስልኬን አየሁ። አሥር ሰዓት።

ከአሸዋው ጫፍ አንዲት ሴት ወደ ባሕሩ ትገባለች።

ቡናማ ቀሚስ። ነጭ ሻሽ። ግራ እጇ ላይ አንድ ነገር በፀሐይ ያብለጨልጫል።

አትዋኝም። ትራመዳለች... ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። ወገቧ ደረሰ። የኮራል ዐለቱ አልቆ ባሕሩ ወደሚጠቁርበት አቅጣጫ፣ ገበያ እንደምትሄድ ሴት፣ ሳትቸኩል ትራመዳለች።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«አቤት» አለችኝ ከጀርባዬ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ቡናማ ቀሚሷን ለብሳለች።

«ማንን ነው የምትጠሪው፣ ሻሒማ?»

ወደ ባሕሩ መለስ ብዬ ሳይ ውሃው ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሻሽ የለም። አረፋ እንኳ የለም።

ወደ እንግዳ መቀበያው ሮጥኩ።

«ሴት ሰጥማለች!» አልኩ።

ሊዩሻ በሬዲዮ ጠየቀች። ጠባቂው ከማማው ላይ ማንም ወደ ውሃ እንዳልገባ መለሰ። እንግዶቹ ሁሉ እንዳሉ አረጋገጡልኝ።

«እንግዲያውስ አሁኑኑ ጀልባ ስጪኝ።»

«የእርስዎ ጀልባ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው።»

«ከዚያ በፊት! የፈለግሽውን ያህል አስከፍዪኝ።»

«ጀልባዎቹ በሙሉ ማሌ ናቸው፣ እህቴ። እባክዎ ይረጋጉ። ለዕረፍት አይደል የመጡት?»

በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን እጄን በሌላው እጄ ያዝኩት።

«የፍራፍሬ ሳህን እንዳትልኪ» ብያት ወጣሁ።

በድልድዩ ላይ ስመለስ ሒሳቡን አሰላሁ። ያቺ ሴት በደሴቱ ሰዓት ያደረገችውን፣ እናቴ በራሷ ሰዓት ትደግመዋለች። ቁርሱን ደገመችው። ጫማውን ደገመችው። የእናቴ አሥር ሰዓት ደግሞ ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል።

ለእናቴ ነገርኳት። ስሟገት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ለመንኳት።

«ወደ ባሕሩ አትሂጂ። አንድ ጊዜ እንኳ ስሚኝ።»

«ልጅሽ ሆንኩ እንዴ?» አለች በቁጣ። «በሩን ልትቆልፊብኝ ነው? አባትሽ ዕድሜውን ባሕር ላይ ኖሮ የሞተው አልጋ ላይ ነው። ተይኝ!»

ለሶላት ውዱእ ልታደርግ መታጠቢያ ክፍል ገባች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሰዓቱን ፈትታ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል።

አነሣሁት። መሙያውን ሳብኩና አንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት አዞርኩት።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት።

እናቴ እጇን አድርቃ ሰዓቱን ስታስር ዓይኗ ፈጠጠ።

«ያ አላህ፣ አሥር አልፏል! ጀልባው ሊያመልጠን ነው!»

የእናቴ አሥር ሰዓት ሳይመጣ አለፈ።

ጀልባ መቆሚያው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ክንዷን አልለቀቅኩም። ስልኬ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ትንፋሼን ያዝኩ።

ምንም አልሆነም።

እናቴ ባሕሩን እያየች ነበር። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር» አለች።

«የትኛው ውሃ?»

ጀልባው መጣ።

ማሌ ስንደርስ ሰዓቷን ወደ ኋላ ልመልስላት ሞከርኩ። መሙያው ይዞራል። ቆጣሪዎቹ ግን ወደ ኋላ አይሄዱም። ሰዓት ሠሪው ዘንድ ልውሰደው ብላት፣ በመዳፏ ሸፈነችው።

እሑድ ጠዋት የተዘጋውን በር እያየች «ግቢ፣ ግቢ፣ ምን ቆምሽ?» ብላ ሳቀች። ሁለት ስኒ ሻይ ቀዳች። ሻይው ቀዘቀዘ። ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አንኳኳች።

ሰኞ ደረቁን ወለል ተንበርክካ ወለወለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብርጭቆ ከእጄ አመለጠኝና ውሃው እዚያው ቦታ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ያደረግኩት ነገር ገባኝ። ያቺ ትቀድማት የነበረችውን አንድ ሰዓት፣ እኔ በእጄ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ፤ አሁን ከሁላችን አንድ ሰዓት ቀድማ የምትኖረው እሷ ናት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከማሌ ማዶ ወዳለችው ደሴት፣ ወደ ሁሉማሌ፣ በጀልባ ተሻግሬ በአሥር ሰዓት የማስተምረው ክፍል አለኝ። ቀሚሴን ለብሼ፣ ጥቁር ቆዳ ጫማዬን አድርጌ ወረቀት ሳርም ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ሳሎን ውስጥ ማልቀስ ጀመረች።

አባቴ የሞተ ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።

የምትጠራው ስም ግን የአባቴ አይደለም።

«ሻሒማ... ልጄ... ሻሒማ...»

ሄጄ ፊቷ ተንበረከክኩ።

«እማዬ፣ አለሁ። ይኸው እኮ ነኝ።»

አላየችኝም። ጉልበቷ ላይ አንድ ነገር አቅፋለች። ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ጥቁር የሴት ጫማ ነው። የግራ።

«ከየት አመጣሽው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሰዎቹ ሰጡኝ» አለች፣ ከእኔ ጀርባ ለቆመ ሰው እንደምትመልስ። «ያገኙት ይኼን ብቻ ነው።»

ለክፍሉ ተማሪዎች አልመጣም ብዬ ደወልኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ቤታችን አምስተኛ ፎቅ ነው። ባሕሩ ከዚህ አይታይም። ከወንበሬ ላልነሣ ወስኜ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ነው።

እናቴ ማልቀስ ከጀመረች አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

አጎንብሼ እግሬን አየሁ። ሁለቱም ጫማዎቼ እግሬ ላይ ናቸው።

ግራው ግን... ከውስጥ መራስ ጀምሯል።